የሴሊካዋ ቫልቭ ከቨር ተሰነጠቀ፦ ይለጠፍ፣ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። በፈረንጆች የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችው፤ ከአጎቱ የደረሰችው። ሞተሯ 1.8 ነው፣ 1ዜድዜድ የሚባለው። ከቫልቭ ከቨሩ፣ ማለትም ከሞተሩ አናት ላይ ካለው ክዳን፣ ዳር ትንሽ ዘይት ያልበው ነበር። ሰፈር ያለ ሜካኒክ "ላልቶ ነው" ብሎ ቡሎኖቹን በረጅም እጀታ ሲያጠብቅ አንዱ ጥግ ላይ "ጠቅ" አለ። አሁን ከቡሎኑ ጆሮ (ቡሎኑ ከሚያልፍበት ጉጥ) ተነስቶ ወደ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ስንጥቅ አለ። የጎሃን ዳገት ሲወጣ የተቃጠለ ዘይት ይሸተዋል፣ ሲቆም ከኮፈኑ ስር ቀጭን ጭስ ይወጣል። አንዱ "ማጣበቂያ ለጥፍበት" አለው፣ ሌላው "አስበይደው"፣ ሦስተኛው "ጣለውና ሌላ ግዛ"። "ጋሼ፣ የማንን ልስማ ይላሉ? ለጥምቀት እንድትደርስልኝ ነበር ሐሳቤ" ብሎ ጽፏል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንቱታውን ተወው። የጎንደር ልጅ መሆንህ ያስታውቃል፣ ግን እኔና አንተ ብንገናኝ የምንገናኘው መኪና ስር ተኝተን ነው፤ "አንተ" ይበቃኛል።

ሦስቱም መካሪዎችህ ጨርሰው አልተሳሳቱም። እያንዳንዳቸው የሚያወሩት ግን በፊት ስላዩት ስንጥቅ ነው፣ ስላንተ አይደለም። ክዳኑ መሃል ላይ፣ ምንም የሚጫነው ነገር የሌለበት ቦታ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ ቢሆን ማጣበቂያ ይይዘዋል። ያንተ የሚነሳው ከቡሎን ጆሮ ነው። እዚያ ቡሎኑ ቀን ከሌት ወደ ታች ይጫነዋል፤ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ብረቱ ይለጠጣል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሰበሰባል። ማጣበቂያ ለጥፈህ ቡሎኑን ስታስር እዚያው ፊትህ ይከፈታል፣ ያኔ ባይከፈት ደግሞ የአዘዞን መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላልሰህ ሳትጨርስ ይከፈታል። ስለዚህ ያንተ ወይ በአርጎን ጋዝ ይበየዳል ወይ ይቀየራል። ከዚህ በፊት ግን ማንም ያልጠየቀህ ጥያቄ አለ፦ ሳይሰነጠቅ በፊት ለምን ያልበው ነበር? እሱን ሳትመልስ የወርቅ ክዳን ብታስገጥምም ዘይቱ መውጫ አያጣም።

እስከዚያው አትንዳት። ይሄን ለማስፈራራት አይደለም የምልህ። የሚሸትህ ዘይት የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ ያ ብረት ዳገት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይግላል። ዛሬ የጨሰው ነገ ሊነድ ይችላል። የግድ ወደ ጋራዥ መውሰድ ካለብህ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የፈሰሰውን በጨርቅ ጥረግ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጓን አይተህ የጎደለውን ሙላ፣ በሜዳው መንገድ ቀስ ብለህ ሂድ። ጎሃን እርሳው። ሊማሊሞን የሚያስብ ካለ ደግሞ እግዜር ይሁነው።

ሜካኒኩ ያጠፋው ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ክዳኑን መልሰህ ስትገጥም አንተም ያንኑ እንዳትደግመው። እነዚያ ቡሎኖች ቀጫጭን ናቸው፣ 6 ሚሊ፣ በ10 ቁልፍ የሚፈቱ። የሚፈልጉት ጉልበት ከ9 እስከ 11 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የመኪናዋ የጎማ ቡሎን ከ100 በላይ ነው የሚፈልገው። አየህ፣ አሥር እጥፍ ልዩነት አለ፤ ጎማ ያጠበቀበትን ክንድ ይዞ ወደ ቫልቭ ከቨር የመጣ ሰው ወይ ክዳኑን ይሰነጥቃል ወይ የቴስታታውን (ክዳኑ የሚታሰርበትን የሞተር ራስ) ጥርስ ይበላል። "ትንሽ ልጨምርለት" የሚባለው ነገር እዚህ ቦታ አይሠራም። በዚያ ላይ በክዳኑና በቴስታታው መሃል ያለው ጋስኬት ላስቲክ ነው። (አሮጌዎቹ ሜካኒኮች ጓርኒሲዮን ይሉታል፣ እኔም ስናደድ እንደዚያ ነው የምለው።) ላስቲክ ሙቀት ሲበላው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። የደረቀን ላስቲክ ብትጨፈልቀው አይለሰልስም፤ መቀየር ብቻ ነው መድኃኒቱ። ዋጋው ከሁሉም ዕቃ የረከሰው እሱ ነበር፣ እሱን ላለመግዛት ክዳኑ ተሰበረ።

የጉልበት መለኪያ ቁልፍ ከሌለህ አንድ ዘዴ አለ። ሻንጣ የሚመዘንበት ትንሽ የእጅ ሚዛን ታውቃለህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ አንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አድርግና ከቡሎኑ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ለካ። እዚያ ላይ ሚዛኑን አንጠልጥልና ቀጥ አድርገህ፣ ከእጀታው ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ሠርቶ፣ ወደ ጎን ሳብ። 10 ኪሎ ሲያሳይህ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ደርሰሃል ማለት ነው። አቁም። አንድ ጊዜ ከለመድከው በኋላ እጅህ ራሱ ያውቀዋል፤ ምን ያህል ትንሽ ጉልበት እንደሆነ ስታይ ግን መጀመሪያ ላይ አታምንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬዬ። ከቫልቭ ከቨሩ በላይ ፒሲቪ የምትባል ጣት የምታክል ቫልቭ አለች፣ ከእሷ አንድ ቱቦ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። ሥራዋ ሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ ማስተንፈስ ነው። ከፒስተኖቹ ጎን ሁልጊዜ ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፣ የትኛውም ሞተር ላይ። ፒሲቪዋ በዝቃጭ ከተዘጋች ያ ጋዝ መውጫ ያጣና ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋዋል፤ መጀመሪያ የሚሸነፈው ደግሞ ያ የደረቀ ላስቲክ ነው። ፍታና በእጅህ ነቅንቃት። ቅጭል ቅጭል ማለት አለባት። ከዚያ በንጹሕ ቱቦ ንፋባት፦ ከሞተሩ በኩል ስትነፋ አየር ያልፋል፣ ከአየር ማስገቢያው በኩል ስትነፋ ግን ጭርሱን ወይም ጥቂት ብቻ ነው ማለፍ ያለበት። ካላንቃጨለች ወይም በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነች ቀይራት፣ አታጥባት። ሰው ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፎ መልሶ ይገጥማታል፤ ለአንድ ወር ትሠራለች ከዚያ ያው ናት። ቱቦውንም ጨምቀህ እየው፣ ከደረቀና ከተሰነጠቀ እሱም ይቀየር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅር አይበልህ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ሞተሮች ዘይት በመጠጣት የታወቁ ናቸው። ፒስተኖቻቸው ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች አነስተኛ ስለነበሩ በዝቃጭ ይደፈኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ዘይቱን መጥረግ ያቅተዋል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ያንተ 2001 ስለሆነች ከአሮጌዎቹ ወገን ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ዘይት እየጎደለ ከሆነ ሁሉንም በስንጥቁ አታሳብ። ሞተሩ ሞቆ ሥራ ሲፈታ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ እጅህን ከላይ ያዝበት። ቀለል ያለ ትንፋሽ ምንም አይደለም። እንደ ቡና ጀበና ቱግ ቱግ እያለ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ፋሻው ደክሟል ማለት ነው፣ ያ ሌላ ቀንና ሌላ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ለጥምቀት አይደርስም፣ ቁርጡን ልንገርህ። ክዳኑን ብቻ ሠርተህ፣ ዘይቷን እየለካህ ጥምቀትን ታልፋለህ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ክዳኑን ስታወርድ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ኮይሎች አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ካንዴላ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከየት ወጣ የሚል ጭቅጭቅ እንዳይመጣ በቅደም ተከተል ደርድራቸው። የካንዴላ ጉድጓዶቹ ውስጥ ባትሪ አብራበት። ዘይት ካለ የውስጠኞቹ የላስቲክ ቀለበቶችም አልቀዋል። ያ ዘይት የኮይሉን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምርና ሰው ሁሉ "ኢንጀክተር ነው" ብሎ ያስወጣሃል። ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ካለህ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው። በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ጎን ጎኑን ነካ ነካ አድርገው፣ ይለቃል። ካቻቢቴ ያስገባህበት ቦታ ሁሉ ጭረት ይቀራል፣ ጭረቱ ደግሞ ነገ ማፍሰሻ ነው። ክዳኑ ከወጣ በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው። እዚያ ውስጥ ካቴናው (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት) ወደ ታች የሚወርድበት ክፍት ጉድጓድ አለ። የጣልክበት ቡሎን ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ካልወረደ አይገኝም።

አሁን ማጠብ። በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በኦሞ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። ስንጥቁ 4 ሴንቲ ሜትር ነው ብለሃል፤ እኔ አላምንም። ዓይን የሚያየው ሰፊውን ክፍል ነው፣ ጫፉ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ሌላ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ድሮ የተማርኳት ዘዴ አለች፣ ከጠመኔና ከነጭ ጋዝ ሌላ ምንም አትፈልግም። የክዳኑን ውጪ ጠመኔ አድቅቀህ በውኃ ለውሰህ ቀባው፣ ይድረቅ። ከዚያ ገልብጠህ በውስጥ በኩል ስንጥቁ ላይና ዙሪያው ነጭ ጋዝ ቀባ። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ። ነጭ ጋዙ በስንጥቁ አልፎ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራልሃል፣ ጫፉ ድረስ። ሌሎቹንም የቡሎን ጆሮዎች በዚሁ ፈትሻቸው፣ ያ ሰውዬ አንዱን ብቻ አጥብቆ አልሄደም።

ቀጥሎ ብረቱ። ይሄን ዝለለው ብትል አልሰማህም። የቫልቭ ከቨር በሦስት ዓይነት ነው የሚመጣው፦ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና ፕላስቲክ። አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ እነሱን ለመጠገን ጊዜህን አታጥፋ። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ግን በዓይን አይለዩም፣ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፣ ቀለም ከተቀቡ ደግሞ ጭራሽ። በተለይ ስፖርት መኪና ላይ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ማግኒዚየም የተጠቀሙ አሉ። ልዩነቱ ምን ያደርጋል ካልከኝ፣ ማግኒዚየም ይነዳል። ዱቄቱና ፍቅፋቂው በግራይንደር ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ነጭ ዓይን የሚያጠፋ እሳት ነው፣ ውኃ ስትደፋበት ደግሞ ይብስበታል። ደረቅ አሸዋ ነው የሚያፍነው። ያንተ ሞተር ክዳን አሉሚኒየም ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ግን የኔን ግምት ይዘህ በያጅ ጋ አትሂድ።

መለያው አቼቶ ነው፣ ሰላጣ ላይ የምታደርገው። ከማይታይ ቦታ፣ ከጋስኬቱ ገጽ ርቀህ፣ በሞረድ ትንሽ ፍቅፋቂ አውጣ። ቀለሙን ሳይሆን ብረቱን። ቡና ሲኒ ውስጥ አድርገህ አቼቶ ጨምርበት። ማግኒዚየም ከሆነ ወዲያው እንደ አምቦ ውኃ አረፋ ይሠራል። አሉሚኒየም ዝም ይላል። ክብደቱም ይናገራል፦ ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በአንድ ሦስተኛ ይቀላል፣ ክዳኑን ስታነሳ "ይሄ ባዶ ነው እንዴ?" ካሰኘህ ጠርጥር። አረፋ ካየህ ብየዳውን እርሳው፣ ቀይር። ማግኒዚየም የሚበይድ ሰው አለ፣ የራሱ ዘንግና የራሱ ጥንቃቄ አለው፣ ግን ባንተ ክዳን ላይ የሚለማመድ ሰው አትፈልግም።

አሉሚኒየም ከሆነ ብየዳ ይቻላል፣ ሁሉም በያጅ ግን አይችልም። በር እና መስኮት የሚበይደው ወንድማችን በኤሌክትሮድ ነው የሚሠራው፤ ጎበዝ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። አሉሚኒየም ላይ ኦክሳይድ የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ብረቱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሽፋኑ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። ስለዚህ ውስጡ ውኃ ሆኖ ላዩ ገና ቆዳ ነው፤ ልማድ የሌለው ሰው "አልቀለጠም" እያለ ሲያግለው ድንገት ቀዳዳ ሆኖ ይወድቃል። የአርጎን ብየዳ፣ ያውም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ የሚሠራ ማሽን፣ ያንን ሽፋን እየሰባበረ ነው የሚሄደው። በያጁን ሁለት ነገር ጠይቀው፦ "ማሽንህ ኤሲ አለው?" እና "ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ክዳን በይደህ ታውቃለህ?" አዎ ካለ የሠራውን አሳየኝ በለው። አፍሮ ካልሆነ ያሳይሃል።

እንዲህ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ዓመታት ዘይት ሲጠጣ የኖረ ነው። ውጪውን ብታጥበው ውስጡ ዘይት አለ፣ ሙቀት ሲነካው እየፈላ ይወጣና ብየዳውን እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ያደርገዋል። እንጀራ ላይ ያምራል፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዓይን ዘይት ማፍሰሻ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ በቪ ቅርጽ ይከፈታል፣ በሁለቱም ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል እንዳይቀጥል፣ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ከዚያ ክዳኑ ሁሉ እኩል እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። የመጀመሪያው ብየዳ ጥቁር ሆኖ ቢወጣ አትደንግጥ፤ ይሞረድና ይደገማል፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በፊት ግን ከክዳኑ ላይ ላስቲኩን፣ ፒሲቪዋን፣ ቱቦዎቹን፣ የዘይት መሙያውን ክዳን፣ የሚቀልጠውን ሁሉ አውጣ። ለማሞቅ የእናትህን ኦቨን እንዳትነካ። ሽታው አይወጣም፣ እኔ ደግሞ ለድፎ ዳቦው ተጠያቂ መሆን አልፈልግም።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገርህ። ሥራ እንደጀመርኩ አካባቢ አንድ ክዳን አምጥተውልኝ፣ ስንጥቁን ከፈትኩ፣ አጸዳሁ፣ ሁሉን በሥርዓቱ አደረግሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በየድኩት። ብየዳው ያምር ነበር፣ ለጓደኞቼ አሳየሁት። ልገጥመው ስል ሁለቱ ጫፎች እንደ ምጣድ ላይ ቂጣ ተነስተዋል። በየድኩበት በኩል ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ ክዳኑን አጥፎታል። "በቡሎን ይወርዳል" ብዬ ሳጠብቀው ሌላኛው ጆሮ ተሰበረ። የሰው ዕቃ ስለነበር ከኪሴ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ክዳን የምንበይደው በወፍራም ብረት ላይ ወይም ከጥቅም ውጪ በሆነ ቴስታታ ላይ በቡሎን አስረነው ነው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝም አይፈታም፣ ሌሊቱን እዚያው ያድራል። በያጅህ "ምን አስቸኮለህ፣ ነገ ና" ካለህ ደስ ይበልህ፣ ሥራውን ያውቃል።

ከብየዳ በኋላ ወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ ክዳኑን ድፋውና አራቱን ጥግ በየተራ ጫን። የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል። ትንሽ ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ አንጥፈህ ክዳኑን እየገፋህ ታስተካክለዋለህ፣ ብዙ ከሆነ ተወው። ላስቲኩ የሚገባበትን ቦይ ግን አትንካ።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ይሄ ነው፦ ክዳኑ ውስጥ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ የላሜራ ሽፋን አለ። የሞረድና የግራይንደር ፍቅፋቂ እዚያ ስር ገብቶ ይደበቃል። ካልወጣ በኋላ ዘይቱ ያጥበውና ወደ ሞተሩ ይዞት ይገባል። ያንተ ሞተር ደግሞ ቪቪቲ-አይ አለው፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካምሻፍት ጊዜ በዘይት ግፊት የሚቀይር፣ በጠባብ የዘይት መንገድ የሚሠራ፤ አንዲት የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ሽፋኑ የሚፈታ ከሆነ ፍታው። ካልሆነ በአየር ግፊት ንፋው፣ እጠበው፣ ገልብጠህ አራግፈው፣ እንደገና እጠበው። ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ።

ማጣበቂያውን ጨርሼ ልናቀው አልፈልግም። እንደ ጄቢ ዌልድ ያለ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀው እስከ 280 ዲግሪ ገደማ ይችላል፣ ክዳኑ ላይ ያለው ዘይት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚሞቀው። የጠመኔው መስመር መሃል ላይ ሌላ ቀጭን ስንጥቅ ካሳየህ ለእሱ ይሆንሃል። ጫፎቹን በስተህ፣ ግማሽ ውፍረቱን ከፍተህ፣ አሻክረህ፣ በአሴቶን ጠርገህ፣ በጣትህ ሳትነካው ትሞላዋለህ። አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ከውስጥ በኩል ግን አትለጥፍ፣ የተላቀቀ ቁራጭ ካቴና ላይ ሲወድቅ ማየት አልፈልግም።

እንግዲህ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ከበያጁ በፊት የማነሳው ስልክ ነው። መኪናዋ ስፖርት ናት፣ ልቧ ግን የኮሮላ ነው። ያው 1ዜድዜድ ሞተር ኮሮላ ላይ፣ አቬንሲስ ላይ፣ ራቭ ፎር 1.8 ላይ አለ። "የሴሊካ ክዳን" ብለህ ስትጠይቅ "የለም" ይሉሃል፣ ካለም ዋጋው ስሟን ያህል ነው። "የኮሮላ 1ዜድዜድ፣ ቪቪቲ-አይ ያለው" በል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚሠራ ሰው ካለህ ፎቶ ያንሳልህ፣ ከላይም ከውስጥም። ያንተን አጠገቡ አድርገህ ቡሎን በቡሎን አወዳድር፦ የፒሲቪዋ ቦታ፣ የቱቦው መውጫ፣ ኮይሎቹ የሚታሰሩበት፣ ሽቦ የሚይዙት ጉጦች። ቪቪቲ-አይ የሌለው የመጀመሪያው 1ዜድዜድ ላይገጥምህ ይችላል። የሞተር ኮድህንም በዓይንህ አረጋግጥ፤ ሴሊካ 2ዜድዜድ ያላትም አለች፣ ባለ 6 ማርሽና ጉልበተኛዋ፣ የእሷ ክዳን ሌላ ነው። ያገለገለ ክዳን ስትገዛ እሱንም በጠመኔ ፈትሽ፣ የሰውን ስንጥቅ በአውቶቡስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አታስጭን። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ የአሮጌ ዕቃ ዋጋ ወደ ታች ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ በዋጋ ከተቀራረበ ግን ከተበየደ ይልቅ ያልተሰነጠቀውን እመርጣለሁ። የተሰበረውን አትጣለው። በደህና ጊዜ አስበይደህ ለክፉ ቀን ታስቀምጠዋለህ።

መግጠሙ ቀላል ነው። አዲስ ጋስኬት፣ አዲስ የካንዴላ ቀለበቶች፤ ስትገዛ አብረው መኖራቸውን እይ። የቴስታታውን ገጽ በጨርቅና በፕላስቲክ መፋቂያ አጽዳ። ሲሊኮን የሚገባው የካቴናው ሽፋን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፣ በየአንዳንዱ የሽንብራ ያህል። ዙሪያውን እንደ ኬክ ክሬም የሚቀባ ሜካኒክ ካየህ እጁን ያዘው። ትርፉ ወደ ውስጥ ይፈርጥና ተቆርጦ ኮፓ ውስጥ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል። ቡሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በጣት አስገባ። አንዱ በጣት አልገባ ካለ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ በቁልፍ አታስገድደው፣ ቶርኖ ቤት ወስደህ አዲስ ጥርስ ይግባለት። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር፣ ከሚዛኑ ጋር። ሲሊኮኑ እንዲይዝ ሌሊቱን ትደር።

ቀይ ቀለም ልቀባው ብለህ እንደምታስብ አውቃለሁ፣ የሴሊካ ባለቤት ሁሉ ያስባል። ቀባው፣ ግን ሙቀት የሚችል ቀለም ይሁን፣ የጋስኬቱን ገጽ በወረቀት ፕላስተር ሸፍን።

ጠዋት አስነሳት፣ 10 ደቂቃ ባለችበት ትሥራ፣ በባትሪ ዙሪያዋን እይ። መጀመሪያ ትንሽ ብታጨስ በፊት የፈሰሰው እየተቃጠለ ነው፣ አትደናገጥ። ከዚያ አዘዞ ደርሰህ ተመለስ። አቁመህ ነጭ ካርቶን ከስሯ አንጥፍና እደር። ካርቶኑ ንጹሕ ካደረ በማግስቱ ጎሃን ውጣባት፣ እዚያ ካልሸተተች አበቃ።

አሁን ካንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጠመኔው ያወጣው መስመር ፎቶና አቼቶው ያደረገውን። ማራኪ ከሆንክ ሩቅ አይደለህም፤ ክዳኑን በፌስታል ይዘህ ብትመጣ ደግሞ ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ።